እንዴት ይሠራል? ጭድ የገባበት ጭቃ

የጭቃ ቤት ካለዎት ስንጥቅ አለዎት። ይህን ለማወቅ ቤትዎ ድረስ መምጣት አያስፈልገኝም። እስቲ ብድግ ይበሉና ብርሃን ከጎን በሚያርፍበት ቦታ፣ ከመስኮቱ ወይም ከበሩ አጠገብ፣ ፊትዎን ወደ ግድግዳው ጠጋ ያድርጉ። ቀለም ካልሸፈናቸው በቀር መርፌ የማያስገቡ መስመሮች በየአቅጣጫው ተበትነው ያያሉ።

ቀጥሎ ወደ ውጭ ይውጡና ጥቁር አፈር ላይ የቆመ የብሎኬት አጥር ይፈልጉ። ከሰበታ ወደ ተፍኪ ባለው መንገድ ከሆኑ ብዙ አይደክሙም። እዚያ አጥር ላይ ስንጥቁ አንድ ወይም ሁለት ብቻ ሊሆን ይችላል። ግን የብሎኬቱን መጋጠሚያ ተከትሎ ደረጃ እየሠራ ከላይ እስከ ታች ይወርዳል፤ ጣትም ያስገባል።

ጭቃ ሲደርቅ ጨርሶ እንዳይሰነጠቅ ማድረግ ከባድ ነው። የት፣ ስንት ቦታና ምን ያህል ይሰንጠቅ የሚለውን ግን መወሰን ይቻላል። ወሳኙም ከላሟ ድርሻ ቀንሰን ጭቃ ውስጥ የምንረግጠው የጤፍ ጭድ ነው።

ይህን ብልሃት ለማየት ከተፍኪ የተሻለ ቦታ አላውቅም። የጅማን መንገድ ይዘው ሰበታን ሲያልፉ ሜዳው ይዘረጋል። አዋሽ ከምንጩ ብዙ ሳይርቅ በዚህ ሜዳ ያልፋል፤ ክረምት ላይ ደግሞ ሞልቶ ማሳው ላይ ይተኛል። አፈሩ ጥቁር ነው። ዋልካ ይባላል፣ መረሬም ይባላል፤ የአካባቢው ገበሬ ኮትቻ ይለዋል።

ኮትቻ ጤፍ ይወዳል። ሽምብራና ጓያንም እንዲሁ። ሽምብራና ጓያው ዝናቡ ሊያቆም ሲል በመስከረም ይዘራሉ፤ ከዚያ በኋላ ዝናብ ባያገኙም አፈሩ ሸሽጎ ባቆየው እርጥበት አድገው ፍሬ ይይዛሉ። ለእህል እንዲህ የሚቸር አፈር ለቤት ሠሪ ግን ፈተና ነው። ሐምሌ ላይ ቦቲ ጫማ ከእግር ያወልቃል፤ የካቲት ላይ ደግሞ ተሰነጣጥቆ የከብት ኮቴ ያስገባል። ያው አንድ አፈር ነው፤ የተለወጠው ውሃው ብቻ ነው።

ለምን እንዲህ እንደሚሆን ለማየት የማርማላታ ጠርሙስ ይበቃል።

ከግቢዎ አንድ እፍኝ አፈር ወስደው በደንብ ያድቅቁት። የጠርሙሱን አንድ ሦስተኛ ይሙሉ፤ ቀሪውን ውሃ ያድርጉበት። ለሁለት ጣት የምትያዝ ኦሞ ጣል ያድርጉበት፤ ቅንጣቶቹ ተጣብቀው እንዳይቀሩ ትረዳለች። ከድነው ደህና አድርገው ይናጡትና መስኮት ላይ ያስቀምጡት፤ ከዚያ አይንኩት።

አሸዋው አንድ ደቂቃ ሳይሞላ ወደ ታች ይወርዳል። ቡና አፍልተው ጠጥተው እስኪጨርሱ ደለሉ በላዩ ይረጋል። ውሃው ግን እንደደፈረሰ ይቆያል፤ ማታም ደፍርሶ ያገኙታል፣ ምናልባትም በማግስቱ። ያ አልረጋ ያለው ነገር ሸክላው ነው። የአንዱ ቅንጣት ስፋት ከሁለት ሺኛ ሚሊ ሜትር አይበልጥም። ኮትቻ ከሆነ የሞከሩት፣ ሲረጋ ከጠርሙሱ ትልቁን ቦታ የሚይዘው ይኸው ሸክላ መሆኑን ያያሉ።

የሸክላ ቅንጣት ክብ አይደለም፤ ስስና ዝርግ ነው። ትኩስ እንጀራ በሞሶብ ላይ ተደራርቦ ያስቡ፤ በእርጥበቱ እርስ በርሱ ይያያዛል፣ ገፋ ሲያደርጉት ግን አንዱ በሌላው ላይ ይንሸራተታል። የጭቃ ልስላሴም፣ ማጣበቁም፣ ጫማ ነጣቂነቱም ከዚህ ይመጣል። ስሶቹ ንጣፎች በመካከላቸው ባለው ውሃ ተያይዘዋል፤ በዚያው ውሃ ላይ ይንሸራተታሉ።

የኮትቻ ሸክላ ደግሞ ከሌላው ይብሳል። ውሃው በቅንጣቶቹ መካከል ብቻ ሳይሆን በእያንዳንዱ ቅንጣት ንጣፎች መሀል ሰርጎ ገብቶ እርስ በርስ ያራርቃቸዋል። በዚህ ምክንያት ያብጣል። የአንድ ግራም እንዲህ ያለ ሸክላ ንጣፎች ሁሉ ተነጣጥለው ቢዘረጉ ከ700 ካሬ ሜትር በላይ ይሸፍናሉ፤ ባለ 175 ካሬ አራት የከተማ ቦታ ማለት ነው፣ ከሻይ ማንኪያ ጫፍ ላይ ከምትነሣ አፈር! ይህ ሁሉ ገጽ ውሃ ይዞ ነው ሽምብራውን እስከ ታኅሣሥ የሚያሳድገው።

ያበጠ ነገር ውሃውን ሲያጣ መሟሸሹ ግድ ነው። ወደ ታች ሲሟሽሽ ችግር የለም፤ መሬቱ ትንሽ ዝቅ ይላል፣ ማንም አያውቅም። ወደ ጎን ሲሟሽሽ ግን ከጎረቤቱ አፈር ጋር ጉተታ ይገጥማል። ጉተታው ሲበረታ ደካማው ቦታ ይለቃል። አንዴ ከለቀቀ በዙሪያው ያለው ሁሉ ወደየራሱ ይሸሻል፤ ስንጥቁም ይሰፋል።

ከሰበታ በላይ ወደ ወጨጫ ተዳፋት ሲወጡ የሚያገኙት ቀላ ያለ አፈር ጠባዩ ሌላ ነው። የእሱ ሸክላ ንጣፎች አጥብቀው ተያይዘዋል፤ ውሃ በመሀላቸው እንደ ልቡ አይገባም። ስለዚህ ብዙም አያብጥም፣ ብዙም አይሟሽሽም። ለምርጊት ቀይ አፈር የሚፈለገው ለመልኩ የሚመስለው ሰው አለ፤ መልኩ ምርቃት ነው።

አሁን ወደ ጭዱ እንምጣ። እዚህ ላይ እጅዎን ማቆሸሽ አለብዎት።

ሦስት ባዶ የሰርዲን ቆርቆሮ ወይም የጠርሙስ ክዳን ያዘጋጁ። በአንዱ ኮትቻ ብቻውን በውሃ አቡክተው ይሙሉ። በሁለተኛው ያንኑ ኮትቻ ከጭድ ጋር። በሦስተኛው ቀይ አፈር ከጭድ ጋር። ጭዱ በዛ ይበል፤ ጭቃውን ሲቆርሱት በየቦታው ጭራው ብቅ ብቅ የሚል እስኪሆን ድረስ። ከተማ ውስጥ ሆነው ጭድ ካጡ፣ ከበዓል የተረፈ ጉዝጓዝ አድርቀው በመቀስ መቆራረጥ ይችላሉ። ሦስቱንም ጥላ ውስጥ ለአንድ ሳምንት ይተዉዋቸው። ፀሐይ ላይ አያውጧቸው፤ ላዩ ቀድሞ ከደረቀ የተሻለው ጭቃም ይሰነጠቃል።

ጭድ የሌለው ኮትቻ ከቆርቆሮው ጠርዝ ራሱን አላቆ፣ ሁለት ሦስት ቦታ ተከፍሎ ይጠብቅዎታል። ሊያነሡት ሲሞክሩ ቁርጥራጩ ብቻ እጅዎ ላይ ይቀራል። ጭድ የገባበት ኮትቻ እሱም ጠብቧል፣ እሱም ተሰንጥቋል፤ ግን መስመሮቹ ብዙና ጠባብ ናቸው፣ ሲያነሡትም አንድ ላይ ይነሣል። ቀዩን ምናልባት ስንጥቁን ፈልገው ያጡበታል።

ምን ሆነ? ጭድ ሲደርቅ በርዝመቱ አያጥርም ማለት ይቻላል። ጭቃው እያጠረ ሲሄድ አንድ ቦታ ላይ ሊለቅ ይጀምራል። ሲለቅ ግን እዚያ ቦታ ላይ ተሻግረው የተኙ የጭድ ጭራዎች ያገኙታል። በዚህኛው ወገን ጭቃ ውስጥ ግማሹ ተቀብሯል፣ በዚያኛውም ግማሹ። ስንጥቁ ለመስፋት እነሱን መንቀል ወይም መበጠስ አለበት። ያቅተዋል፤ ጉተታውም ሄዶ ሌላ ደካማ ቦታ ይፈልጋል። እዚያም ጭድ አለ። እንዲህ እያለ የአንድ ትልቅ ስንጥቅ ድርሻ ለመቶ ትንንሾች ይከፋፈላል፤ አንዳቸውም ግድግዳውን ለመጣል አይበቁም።

በኦሪት ዘጸአት ፈርዖን እስራኤላውያንን ሊያስጨንቅ በፈለገ ጊዜ የነፈጋቸው ጭድ መሆኑን ያስታውሱ። የጡቡ ቁጥር ሳይቀነስ ጭዱን ራሳችሁ ልቀሙ አላቸው። ጡብ ያለ ጭድ ምን እንደሚሆን አሠሪውም ሠራተኛውም ያውቁ ነበር።

ጭድ ሌላም ሥራ አለው። ወፍራም ምርጊት ላዩ ደርቆ ውስጡ እርጥብ ሆኖ ሲቀር ይላጣል። የጭዱ ጭራዎች ከውስጥ ወደ ውጭ ለእርጥበቱ መንገድ ይሆኑታል፤ ስለዚህ ግድግዳው ከሞላ ጎደል እኩል ይደርቃል። ክብደቱንም ያቀልለታል።

የስንዴና የገብስ ገለባስ አይሆንም? ይሆናል፤ ሌላ ከሌለ። ግን አገዳው ወፍራም ነው፣ ውስጡ ክፍት ነው፣ ላዩም የሚያንሸራትት ነው፤ ጭቃው ጥሩ አድርጎ አይዘውም። የጤፍ አገዳ ቀጭንና ለስላሳ ነው። ከዚያ በላይ ደግሞ ሰው የማያስተውለው አንድ ፋብሪካ ውስጥ አልፎ ነው የሚመጣው፤ አውድማ ውስጥ።

በሬዎች ጤፉን ሲያበራዩ እኛ የምናየው ፍሬው ሲለይ ነው። ጭዱ ግን እዚያው በኮቴ ተረግጦ ይቆራረጣል፣ ይሰነጠቃል፣ የለሰለሰ ቆዳው ይፋቃል። ለግድግዳ የሚፈለገው ይኸው ነው፤ ለመቡካት እንዳያስቸግር ያጠረ፣ ስንጥቅ ለመሻገር የሚበቃ ርዝመት ያለው፣ ጭቃው የሚይዘው ሻካራ ገጽ ያለው። በገንዘብ ገዝተው በማጭድ ቢከትፉት እንኳ ከዚህ የተሻለ አያገኙም።

አውድማው ራሱ ደግሞ የዚሁ ጥበብ ልጅ ነው። ኅዳር ላይ የተፍኪ ማሳ መሰነጣጠቅ ጀምሯል። የጤፍ ፍሬ እጅግ ደቃቅ ነው፤ ሦስት ሺህ ያህሉ ተሰብስቦ አንድ ግራም ቢመዝን ነው። ያንን ተሰነጣጥቆ በከረመ መሬት ላይ ቢወቁት የዓመት ልፋት መሬት ውስጥ ይገባል። ስለዚህ መጀመሪያ ሣሩ ይነጫል፣ መሬቱ ይደለደላል፣ ከዚያ እበት በውሃ ተበጥብጦ ይለቀለቃል። ሲደርቅ ስንጥቅ የሌለው፣ አቧራ የማያነሣ ወለል ይሆናል። ስለ እበቱ ቆየት ብለን እንመለስበታለን።

ጭቃው ዛሬ ተቡክቶ ዛሬ አይመረግም። ዛሬ ዛሬ የሚቸኩል ብዙ ነው፤ እኔ አልመክርም።

የቆየው አሠራር እንዲህ ነው። አፈሩ በዶማ ተቆፍሮ ጉድጓድ ይሠራለታል፣ ውሃ ይጠጣል፣ ጭድ ይነሰነስበታል፣ በእግር ይረገጣል። ደቦ የሚጠራው እዚህ ላይ ነው፤ ጉልበትም ጨዋታም ይጠይቃል፣ ንፍሮና ጠላም አይቀርም። ከተረገጠ በኋላ ግን ይተዋል። ለቀናት፣ አንዳንዴም ለሳምንታት ያድራል፤ በየመሀሉ ውሃ እየተጨመረ እንደገና ይረገጣል።

በዚህ ጊዜ ጉድጓዱ ውስጥ ሁለት ነገር ይካሄዳል። አንደኛው የውሃው ሥራ ነው፤ ደርቆ የነበረ ጓል እስከ ውስጡ እስኪርስ ጊዜ ይወስዳል፣ ያልራሰ ጓል ደግሞ ግድግዳ ላይ ወጥቶ መውደቂያ ይሆናል። ሁለተኛው በዓይን የማይታዩ ተሐዋስያን ሥራ ነው። ጭዱ ውስጥ ያለውን ምግብ እየበሉ ይበዛሉ፤ ሲበዙም የሚያዝለገልግ ነገር ያወጣሉ። ያ ዝልግልግ ነገር ሸክላውን ከሸክላ፣ ሸክላውን ከጭድ ያጣብቃል። ጭዱም ግትርነቱ ይለቀዋል።

ሽታውን ያውቁታል፤ ደስ አይልም። ጭቃውም ወደ ጥቁር ግራጫ ይለወጣል፤ አየር ስላጣ በአፈሩ ውስጥ ያለው የብረት ዝገት መልኩን ስለሚቀይር ነው። ሲደርቅ ቀለሙ ይመለሳል፣ ሽታውም ይጠፋል። የጃፓን ግድግዳ መራጊዎችም የሩዝ ገለባ ከጭቃ ጋር ቀላቅለው ለወራት ያስቀምጣሉ። ሁለቱ አገሮች አልተማከሩም፤ ሸክላና ገለባ ግን የትም ቢሄዱ ጠባያቸው ያው ነው።

መሞከር ይፈልጋሉ? ከሰርዲኑ ቆርቆሮ የተረፈውን ጭድ የገባበትን ጭቃ በላስቲክ ሸፍነው ለሁለት ሳምንት ያስቀምጡት፤ ከዚያ አጠገቡ አዲስ ያቡኩ። ከሁለቱም ትንሽ ትንሽ አንሥተው ቋሚ ግድግዳ ወይም ሳንቃ ላይ በመዳፍዎ ጫን ብለው ይለጥፉ። የቆየው ከእጅዎ ለመላቀቅ ሲያቅማማ፣ ሳንቃው ላይ ግን አጥብቆ ሲይዝ ያያሉ።

ስለ እንጨቱ ብዙ አልልም፤ ያውቁታል። ቋሚው ይተከላል፣ ማገሩ ከውስጥም ከውጭም በአግድም ይመታል፣ ጭቃው በመሀሉ ይጠቀጠቃል። እንጨቱ ባሕር ዛፍ ነው፤ በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን፣ በ1880ዎቹ ገብቶ አዲስ አበባንና ዙሪያዋን ቤት ያደረገ ዛፍ። ስለ ቋሚው ግን አንድ ነገር ልንገርዎ። የሚበሰብሰው ሁልጊዜ መሬቱ አፍ ላይ ነው። ከዚያ በላይ እርጥበት የለም፤ ከዚያ በታች ጠልቆ ሲገባ አየር ያንሳል። አብስባሽ ሻጋታ ሁለቱንም ይፈልጋል፤ ሁለቱን የሚያገኘው እዚያች ስንዝር ላይ ነው። የቋሚውን ጫፍ በእሳት የሚለበልቡ ወይም የተቃጠለ ዘይት የሚቀቡ ሰዎች ከመሬት በላይም አንድ ስንዝር ከፍ አድርገው ማስነካት ያለባቸው ለዚህ ነው።

ኮትቻ ላይ ይህ የእንጨት አጽም ሌላ ጥቅም አለው። ክረምት ሲገባ ዝናቡ የሚደርሰው ከቤቱ ዙሪያ ያለውን መሬት ነው፤ ከቤቱ መሀል ያለው ደረቅ ሆኖ ይቀራል። ስለዚህ ዳር ዳሩ ሲያብጥ መሀሉ ባለበት ነው። ግድግዳው በአንድ ወገን ይነሣል ማለት ነው፣ በዓይን ባይታይም። ብሎኬት ግትር ነው፤ እስከሚችለው ችሎ አንድ ቦታ ላይ ይከፈላል። በምስማርና በልጥ የተያያዘ እንጨት ግን በየመጋጠሚያው ጥቂት ጥቂት ይሰጣል፤ ጭቃውም በመቶ ጠባብ ስንጥቆቹ አብሮት ይነቃነቃል። እብጠቱ ሲያንስ ይመለሳል።

ግትርና ተለማጭ ነገርን እያፈራረቁ መገንባት አዲስ ሐሳብ አይደለም። የደብረ ዳሞን ቤተ ክርስቲያን ግድግዳ ያየ ሰው ድንጋዩ በየመሀሉ በእንጨት አግዳሚ ታስሮ እንደሚወጣ ያውቃል።

ምርጊቱ ሁለትና ሦስት ጊዜ የሚሆንበት ምክንያት አለው። የመጀመሪያው ሻካራ ነው፣ ጭዱም ብዙና ረጅም ነው። ተመርጎ ሲደርቅ ይሰነጣጠቃል፤ ባለቤቱ ይደነግጣል፤ መራጊው አይደነግጥም። ስንጥቆቹ ለሁለተኛው ምርጊት መያዣ ናቸው፤ አዲሱ ጭቃ እዚያ ውስጥ እየገባ ይነክሳል። የመጀመሪያው ሳይደርቅ ሁለተኛውን የደረበ ሰው ግን እርጥበቱን ውስጥ ቆልፎበታል፤ ሁለቱም አብረው ይወርዳሉ። መጨረሻ ላይ ልስኑ ይመጣል፤ በወንፊት የተነፋ አፈር፣ ደቃቅ ጭድና እበት።

እዚህ ላይ የሴቶች እጅ ይገባል። ባለሙያ እናት ጭቃውን በመዳፏ ስታስተካክል የምትፈልገው ማማር ብቻ አይደለም። መዳፍ እየጫነ ሲሄድ ስሶቹ የሸክላ ንጣፎች ከግድግዳው ጋር ትይዩ ሆነው ይተኛሉ። የተኙ ንጣፎች ደግሞ ውሃ በቀላሉ አያሳልፉም። በለስላሳ ድንጋይ ሲታሽ የሚያብለጨልጨውም በዚሁ ምክንያት ነው።

እበቱስ? ላም አራት ክፍል ባለው ሆዷ ሣሩን አድቅቃ፣ ለመፍጨት ቀላሉን ወስዳ፣ ያልተፈጨውን ቃጫ ታወጣዋለች። እጅግ ደቃቅ ጭድ ማለት ነው፤ በሰው እጅ እንዲህ አድርጎ መክተፍ አይቻልም። ስለዚህ ልስኑ ውስጥ ገብቶ ጭድ የማይደርስባቸውን ጥቃቅን ስንጥቆች ይይዛል። ከዚህም አልፎ፣ በ2016 እ.ኤ.አ. የታተመ የቡርኪና ፋሶ የእበት ጡብ ጥናት እበቱ ከአፈሩ ጋር ተዋህዶ ውሃ የማያሟሟው ማጣበቂያ እንደሚፈጥር አሳይቷል።

ላብራቶሪ ሳይገቡ ለማየት፣ በቆርቆሮ ከደረቁት የጭቃ ቂጣዎች አንዱን ግማሽ በተበጠበጠ እበት ይቀቡ፣ ግማሹን ይተዉት። ሲደርቅ በሁለቱም ላይ በማንኪያ ጠብ ጠብ እያደረጉ ውሃ ያፍስሱና የትኛው ቀድሞ እንደሚቦረቦር ይመልከቱ። እጅዎ ላይ ቁስል ካለ ግን ይህን ለሌላ ሰው ይተዉት፤ የመንጋጋ ቆልፍ በሽታ ዘር በከብት እበት ውስጥ ይገኛል። የሌለዎትም ቢሆን ሲጨርሱ በሳሙና ይታጠቡ።

ግድግዳው ከቆመ በኋላም ሥራ አይፈታም። ቀን ሙሉ ፀሐይ ሲመታው ሙቀቱን ቀስ እያለ ወደ ውስጥ ያሳልፋል፤ ለማለፍ ሰዓታት ይፈጅበታል። በኅዳርና በታኅሣሥ፣ ቀኑ ሞቆ ሌሊቱ ውርጭ በሚሆንበት ወቅት፣ ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል የምዕራቡን ግድግዳ በውጭ በኩል ይዳስሱ፤ ከዚያ ገብተው በውስጥ በኩል። ከእራት በኋላ ደግመው ሁለቱንም ይዳስሱ። ውጭው በርዷል፤ ውስጡ ገና ለብ ብሏል።

እንፋሎትም ይጠጣል። የደረቀውን የጭቃ ቂጣ በአንድ እጅ፣ መስታወት በሌላው ይዘው በሁለቱም ላይ ይተንፍሱ። መስታወቱ ይደፈርሳል፤ ጭቃው ምንም አላየም። ክረምት ላይ ቡና ሲፈላ፣ ወጥ ሲሠራ፣ አምስት ሰው ተኝቶ ሲያድር የሚወጣውን እርጥበት ግድግዳው ተቀብሎ ቀን በር ሲከፈት ይመልሰዋል። ጠዋት የቆርቆሮ ጣሪያው ውስጠኛ ገጽ ላይ ጠብታ ተንጠልጥሎ ግድግዳው ደረቅ የሚሆነው ለዚህ ነው።

ስለዚህም የጭቃ ግድግዳን በሲሚንቶ መለሰንን በጥርጣሬ አየዋለሁ። ያምራል፣ ዝናብም ይችላል፤ ለጥቂት ዓመት። ሲሚንቶ ግትር ነው፤ ከሥሩ ያለው ጭቃ ሲነቃነቅ አብሮት አይነቃነቅም። ሰዎች ይህን ስለሚያውቁ ወንፊት ሽቦ ይመታሉ፣ ጠጠር ይተክላሉ። ያም ሆኖ አንድ ቀን አንድ ስንጥቅ ይወጣል፤ በእሷ የገባ ውሃ ደግሞ መውጫ የለውም። ከውጭ ደህና ይመስላል፤ ውስጥ ማገሩ ይበሰብሳል፣ ምስጥም ይመጣል። ሲሚንቶ ካለዎት ከመሬት ግማሽ ሜትር ከፍ የሚል የድንጋይ መሠረት ላይ ያውሉት። የጣሪያውን ክፈፍ ረዘም ያድርጉ፤ ጣሪያው የሚያንጠባጥበው ከግድግዳው ራቅ ብሎ ይሁን፤ ከዚያ ውሃውን በቦይ ከግቢ ያስወጡ። ኮትቻ ላይ ቤት የሚያፈርሰው ከላይ የመጣ ዝናብ ብቻ አይደለም፤ ግድግዳው ሥር ተኝቶ የከረመ ኩሬም ነው።

ጊዜውን በተመለከተ፣ ጭዱ ትኩስ የሚሆነው ጤፉ ከተወቃ በኋላ ነው፤ መንገዱም ያኔ ይደርቃል፣ ሰውም ከማሳ ሥራ ያርፋል። ከጥር እስከ መጋቢት ባለው ጊዜ የተመረገ ግድግዳ ክረምቱ ሳይደርስበት ይደርቃል። በልግ ዝናብ ቢጥል በላስቲክ ይሸፍኑት። ለዘመን መለወጫ ብለው በጳጉሜን የሚቀባቡት ጥገና ነው፤ ለዓይን ይሆናል፣ ለምርጊት ግን አይቆጠርም።

አሮጌ ግድግዳ አፍርሰው አዲስ የሚሠሩ ከሆነ ጭቃውን በጋሪ አስጭነው አይጣሉት። ሰባብረው ውሃ ያጠጡት፤ እንደገና ጭቃ ይሆናል። ሸክላው አያረጅም። ጨው የመታው ከታችኛው ስንዝር የወጣ ነጭ ነጭ ያለው ብቻ ይወገድ። ጭዱን ግን እንደ አዲስ ይጨምሩበት፤ የድሮው ሠርቶ አልቋል።